ብቻውን ተነፈሰ

ይድረስ ለወንድሜ ለጉዲሳ ዱጋሳ፣ ባለህበት፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? የሻርጃ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እዚያ መጋዘን ውስጥ ጎማ ስታነሳ የሚይዝህ ወገብህስ ተሻለህ? ምግብ ይስማማሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ጥያቄ አበዛሁብህ መሰለኝ። አብዛኛውን እማዬ ከማድቤት እየጮኸች የምታስጠይቀኝ ነው። የእንቅልፉን ግን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ከዚህ ቀጥሎ «እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን» ማለት ነበረብኝ። አባዬም እንደዚያ ብለሽ ቀጥይ ብሎኛል። ደህና አይደለንም፣ ጉዲሳ።

በመጀመሪያ ይህ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ልንገርህ። አባዬ ከጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። የማንበቢያ መነጽሩ ስለተሰበረ ከአፍንጫው ስር ያለ ፊደል አይለይም፤ ስለዚህ ያለኝን የምጽፍ ይመስለዋል። የጎረቤታችን ልጅ ናዲያ ነገ ወደ እናንተ አገር ትበራለች፤ በርበሬውንና ሽሮውን ከዚህ ወረቀት ጋር ታደርስልሃለች። በስልክ ያልነገርኩህን ምክንያት ታውቀዋለህ። አባዬ ስልኬን ይነጥቅና ድምፁን ለግቢው ሁሉ ይለቀዋል።

እስካሁን ያስጻፈኝ ይኸን ነው፤ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የላክልኝ ጎማ እጅግ ጥሩ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ጎማው አልተነፈሰም በይው።» ከዚያ አንገቱን ሰገግ አድርጎ «ጻፍሽው?» ይለኛል። ጻፍኩት እለዋለሁ።

ጎማዎቹ የደረሱ ዕለት ብታየው ኖሮ በሳቅ ትሞት ነበር። ውጪ አያድሩም ብሎ አራቱንም ሳሎን አስገባቸው። ታናሻችን ዳርቱና እኔ ሶፋው ላይ ለመቀመጥ ጎማ መዝለል ነበረብን። ጎረቤት እየመጣ ያይለታል፤ ደህና ነገር ነው፣ ልጅ ይውጣልህ እያለ ይመርቀዋል። እንኳን ማርያም ማረችህ ማለት ብቻ ነው የቀራቸው። አንተ የጎማ ቁልል ተደግፈህ የተነሳኸውን ፎቶ ደግሞ ለመጣው ሁሉ ያሳያል። «ልጄ እኮ የጎማ ሊቅ ሆኗል» ይላል። መሬታችን ለኮንዶሚኒየም ከተወሰደ ወዲህ ለዚያች አሮጌ ዲኤክስ ያለውን ፍቅር ታውቀዋለህ፤ በመጨረሻው በሬው ስም ቡሬ እያለ የሚጠራትን መኪና አንተ አዲስ ጫማ አጫማህለት። ደስታው የእውነት ነበር፣ አልክድህም።

ጥፋቱ የጀመረው ከዚያ ደስታ ላይ ነው። አሮጌዎቹ ቸርኬዎች ዝገው ነበር። አባዬ ዝገቱን ፍቆ ማጽዳት ሲገባው ቆርቆሮ ሙሉ የብር ቀለም ገዝቶ በላዩ ላይ ለቀለቀው። የልጁ ጎማ በዛገ ብረት ላይ ሲሰካ ሰው እንዳያይበት ነው። ከታክሲ ተራው ወረድ ብሎ ያለው ጎሚስታ ገላው ቸርኬዎቹን ሲያይ «አባባ ዱጋሳ፣ ጠርዙ ቢፋቅ ጥሩ ነበር» ብሎ ጀምሮ ነበር አሉ። አባዬ «ቀለሜን በሽቦ ብሩሽ እንዳትነካብኝ» ሲለው ዋጠው። ጎማውን እዚያው ቀለም ላይ ገጠመለት። አባዬም ደስ ብሎት ትርፉን ጎማ፣ ስኮርታውን ጭምር ለገላው መረቀለት። «የልጄ ጎማ ስኮርታ አይፈልግም» ብሎ።

ሳምንት ሳይሞላ የኋላ ግራው ጎማ ጠዋት ጠዋት ጎደል ብሎ መታየት ጀመረ። ፈንድቶ አይደለም፣ ምስማርም አልወጋውም። ቀኑን ሙሉ ደህና ይውላል፣ ሲነጋ ተንፍሶ ይገኛል። ገላው የሳሙና አረፋ ቀባው፣ ቫልቩን በምራቁ አርሶ አየው፣ ቫልቩን ለወጠው፣ ገንዳው ውስጥ ነክሮ አገላበጠው። ግን እንደነከረ ያወጣዋል፤ ወረፋ ይዞ የሚጠብቀው ብዙ ነው። በዝግታ የሚወጣ አየር ደግሞ ለቸኮለ ሰው አይታይም። «ምንም የለውም» ብሎ ሞልቶ ይሰጠዋል፤ በማግስቱ ያው ነው። አባዬ በየጠዋቱ የእግር ፓምፑን ይዞ ይቆማል። እንደ ልማዱ ማሰብ ጀመረ፤ ቀን ያልተነፈሰ ጎማ ማታ ምን አገኘው? ሰው ነው አለ። የሰው እጅ ነው።

የኋላውን ክፍል የተከራየችውን መዓዛን ታስታውሳታለህ፣ በስልክ ሰላም ብለሃታል። ሲ.ኤም.ሲ መጋረጃ ቤት ትሰፋለች። ባሏ ዘረሰናይ አፋር ውስጥ መንገድ ሥራ ላይ ነው። በግንቦት መጨረሻ ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ጊዜው ሳይደርስ መጥቶ ሆስፒታል በኦክስጅን ያዙት። እሷ ጠዋት ሄዳ ጡቷን አልባ ትመለሳለች፣ ማታም ትሄዳለች። ልጁ ገና ክርስትና ስላልተነሳ ስም አልነበረውም። ማሙሽ ነበር የምትለው። አንድ ቀን አባዬን በትሕትና «አባባ፣ ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣልኝ መኪናዋን ከበሬ ትንሽ ራቅ አድርገው ያቆሙልኛል? ጭሱ እንዳይገባበት ብዬ ነው» አለችው። ቡሬን ራቅ ያድርጉልኝ ያለችው ሴት ቂም ሆና በሆዱ ገባች። የኋላ ግራው ጎማ ደግሞ የሚያድረው ልክ በሯ ላይ ነው።

አሁን ደህና አድርገህ አንብበው። በሐምሌ መጀመሪያ አንድ ጠዋት አባዬ ከዚያ ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ፓምፑን እየሰካ ነው። ጎማው መሬት ተኝቷል። ከመዓዛ መስኮት ጩኸት ተሰማ፤ «ተነፈሰ! ተነፈሰ እኮ ነው የምልህ! ብቻውን ተነፈሰ! ተመስገን!» እየሳቀች፣ እያለቀሰች። ከሆስፒታል ደውለው ኦክስጅኑ እንደተነሳለት ነግረዋት ለዘረሰናይ እያበሰረችው ነበር። ለሳንባም ለጎማም አንድ ቃል ያደረገውን ሰው አላውቀውም፤ ባውቀው እረግመው ነበር። መዓዛ በሯን ከፍታ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። መጀመሪያ ያገኘችው ሰው አባዬ ነው። ሁለት እጁን ይዛ፣ ፊቷ በእንባ ርሶ፣ «አባባ፣ ተነፈሰ እኮ! ብቻውን!» አለችው።

«ፊቴ ቆመሽ ትሳለቂብኛለሽ?» አላት።

ሮጬ ወጣሁ። እማዬም ወጣች። ስለ ልጇ ነው፣ ከኦክስጅን ወጥቶላት ነው ብለን ሁለታችን ተቀባብለን አስረዳነው። አየሁት፣ ጉዲሳ፤ ልቡ ራርቶ ነበር። የመዓዛን ፊት አየ፣ ጎማውን አየ። ይቅርታ ለማለት አንዲት ስንዝር ነበር የቀረችው። ከዚያ «የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ» አለና ለአንተ ደወለ።

የመለስክለትን ረስተኸው ከሆነ እኔ አልረሳሁትም፣ ግቢው ሁሉ ሰምቶታልና። «አባዬ፣ እኔ እዚህ ቀን ሙሉ ጎማ ተሸክሜ ነው የምውለው። አዲስ ጎማ ብቻውን አይተነፍስም። ወይ ምስማር ነው ወይ ሰው ነው። ምስማር ከሌለ ሰው ነው» አልከው። እኔ ከኋላ «ጉዲሳ፣ ስለ ልጇ ነው የተናገረችው!» ብዬ ጮህኩ። ሳቅክ። «ለሊሴ ደግሞ ለማን ጥብቅና ቆማ አታውቅ!» ብለህ ሳቅክ። ቀጥለህም «የጠረጠርከውን ሰው ከግቢ አስወጣና እይ፤ በማግስቱ ጎማህ ይቆማል» አልከው። ስለ ቸርኬው አንድ ጥያቄ አልጠየቅከውም። ዝጓል ወይ፣ ቀለም ነክቶታል ወይ አላልክም። የጎማ ሊቁ! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ ያንተ አፍ ያመለጠ ዕለት መዓዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ሳቅህንም ሰምታለች።

አባዬ በዚያው ዕለት ውጪልኝ አላት። ዝናብ ነበር። ፍራሿንና የስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ ራሱ አወጣው። መዓዛ አልተጨቃጨቀችም፤ ለመነችው እንጂ። «አባባ፣ ልጁ ሲወጣ ነፋስ እንዳይነካው ብለውኛል። እስኪጠነክርልኝ ብቻ ይታገሱኝ፣ ከዚያ በራሴ እወጣለሁ» አለችው። አባታችን ምን ብሎ እንደመለሰላት ለመጻፍ እጄ ይከብደዋል። «ከፈለገ እዚያው ብቻውን ይተንፍስ» አላት። እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያች ሰዓት ጀምራ ምግቡን ታቀርብለታለች እንጂ አታናግረውም።

መዓዛ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት፣ ባሕር ዛፉ ስር አክስቷ ጋ ገባች። አንድ ክፍል ናት፣ ግድግዳዋም ጣራዋም ቆርቆሮ። የዚያን ተራራ የክረምት ነፋስ ልጅ ሆነን እንጨት ለቀማ ስንወጣ ታውቀዋለህ። በቀዳዳው ሁሉ ይገባል።

በማግስቱ ጠዋት ጎማው ተንፍሶ ተገኘ።

ሄጄ ከጎኑ ቆምኩ። «እሺ፣ አሁንስ ማነው?» አልኩት። ፓምፑን መርገጡን ቀጠለ። ደውልላትና ትመለስ አልኩት። «ሰው ልካ ይሆናል» አለኝና የግቢውን በር በሌላ ቁልፍ አጠናከረው። በማግስቱም ተነፈሰ። ከዚያ በኋላ እኛ ሳንነሳ ተነስቶ እየሞላ፣ ፓምፑን ከአልጋው ስር መደበቅ ጀመረ። አንተ ደውለህ «ቆመልህ?» ስትለው «ቆመ፣ ኢልማ ኮ፣ ቆመ» ሲልህ እዚያው ነበርኩ። ያንተን ቃል ከሚያስዋሽ ሴትዮዋ ብርድ ላይ ብትቀር መረጠ። መሳሳቱን አውቆ ነው እንግዲህ፣ ሳያውቅ አይደለም።

ሆስፒታሉ ልጁን ለመዓዛ ሰጣት፣ ወደዚያች ቆርቆሮ ቤት ይዛው ገባች። እማዬና እኔ ሄደን አይተነዋል። እጇን ያህል ነው፣ ግን ዓይኑን ገልጦ ያይ ነበር። አክስትየዋ ግድግዳውን በካርቶን ደፍናለች፤ መዓዛ ደረቷ ላይ አስራው ነው የምትውለው። አባዬ ምንም አልጠየቀንም፣ እኛም ምንም አልነገርነውም።

በሐምሌ መጨረሻ አንድ ማለዳ አክስትየዋ ደወለችልኝ። ልጁ ደረቱ ይሰረጉዳል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ በዚያ ዝናብና ጭቃ ዳገቱን የሚወጣ መኪና አጣን አለችኝ። ለአባዬ ነገርኩት። አልዋሽህም፤ ኮቱን እንኳ አልለበሰም። ወጣ። ጎማው ተኝቷል። ያን ፓምፕ እንደ እብድ ረገጠው፤ እኔ እጄን ጎማው ላይ አድርጌ ሙላ፣ ሙላ እላለሁ። ጠንከር ሲል ተነሳን።

ዳገቱን ወጣን። መዓዛ ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልላ መንገድ ላይ ትጠብቀን ነበር። ከኋላ ገባች። አባዬን «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ቁልቁል ስንመለስ፣ ድንጋዩ የበዛበት መታጠፊያ ላይ፣ የኋላ ግራው ጎማ ከቸርኬው ወለቀ። መኪናዋ ዞር ብላ ቦዩ ውስጥ ገባች። አባዬ ወርዶ የመኪናዋን ሻንጣ ከፈተ። ስኮርታ የለም። የልጁ ጎማ ስኮርታ አይፈልግማ! ክሪኩን ይዞ ጭቃው ውስጥ ከመኪናዋ ስር ገባ፤ ምን ሊያደርግ እንደሆነ እሱም አያውቅም። መነጽሩ ከኪሱ ወድቆ የተሰበረው ያኔ ነው። መዓዛ ትንሽ ጠበቀችው፣ ከዚያ በሩን ከፍታ በባዶ እግሯ ቁልቁል ሮጠች። እኔም ተከተልኳት። ታች አስፋልቱ ላይ አንድ ፒክአፕ አንስቶን ሆስፒታል አደረሰን።

አባዬ በእግሩ ደረሰ፤ ጭቃ ለብሶ፣ ክሪኩን እንደያዘ። ነርሷ ከውስጥ ስትወጣ ያገኘችው እሱን ነው። አያቱ መስሏት ትከሻውን ያዘችውና «አልተነፈሰም፣ አባባ። ብዙ ሞከርን፣ አልተነፈሰም» አለችው።

በሦስተኛው ቀን ዘረሰናይ ከአፋር ደረሰ። ልጁን ያወቀው መዓዛ ያበሰረችው ጠዋት በስልክ በሰማት አንዲት ቃል ብቻ ነው። ለቅሶው ላይ አባዬ ከድንኳኑ ውጪ ዝናብ ላይ ቆመ፣ ማንም ግባ አላለውም። በመጨረሻ መዓዛ ራሷ ወጣችና አየችው። ትጮህበታለች፣ ትረግመዋለች ብዬ ነበር። «አባባ፣ ጎማው ተሠራ?» አለችው። የሽሙጥ አልነበረም፤ ልቧ እዚያ አልነበረም፣ እንደ እንግዳ ደህና ዋሉ የምትለው ዓይነት ነው። አባዬ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ ገላው ጎማውን አወለቀው። የቸርኬው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላቆ፣ ዝገቱ ከስሩ ይረግፋል። አየሩ በዚያ በኩል ነው ሲሾልክ የኖረው። ገላው አንገቱን ደፍቶ በሽቦ ብሩሽ ፋቀው፣ አጸዳው፣ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ወዲህ ተንፍሶ አያውቅም። ስለዚህ ደስ ይበልህ፤ ጎማህ ንጹሕ ነው። ምስማርም አልነበረም፣ ሰውም አልነበረም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የኛ ግን ሲጠራ ማን ሊያየው?

አባዬ መኪና መንዳት ትቷል። የመዓዛን ክፍል በየቀኑ ይጠርገዋል፣ ለማንም አያከራየውም። ጠዋት ጠዋት ወጥቶ ያን ጎማ በእጁ ይጫነዋል፤ ጠንክሮ ሲያገኘው ፊቱ ይጠቁራል። ተንፍሶ ቢያገኘው የሚሻለው ይመስለኛል። እናደድበታለሁ፣ አዝንለታለሁም፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጡብኛል። እኔን ግን በማርያም አስምሎኛል፤ «ለጉዲሳ እንዳትተነፍሺ። ልጄ በሰው አገር ልቡ እንዳይሰበር» ብሎ። የመዓዛ ልብ ምን እንደሆነ ሳያነሳ ያንተን ልብ ያስባል። ማርያም ይቅር ትበለኝ፣ ይኸው ተነፈስኩልህ። አንተ ብቻህን ደህና ተኝተህ ልታድር አይገባም።

ጎማም ገንዘብም እንዳትልክ። የዘረሰናይን ስልክ ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ደውልለት። ምን እንደምትለው እኔ አላውቅም፤ ለአባዬ ምን እንደምትለው ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብህም ነበር።

እማዬ ዲንቄ በብዙ ናፍቆት ሰላም ብላሃለች፤ በርበሬውን እርጥበት እንዳያገኘው ክዳኑን አጥብቅ ብላለች። ዳርቱ ሰላም ትልሃለች፣ ፈተናዋን አልፋለች። ገላው ሰላም በዪልኝ ብሏል፤ በኛ ደጅ ማለፍ ግን ትቷል። ናዲያን ደህና አድርገህ ተቀበላት፣ እሷ የምታውቀው ነገር የለም። ከኋላው ክፍል ሰላምታ የሚልክልህ ሰው የለም።

አባዬ አሁን «ጨረስሽ?» አለኝ። ጨረስኩ አልኩት። «ስለ ጎማው ምን ብለሽ ጻፍሽለት? አንብቢልኝ» አለኝ። ወረቀቱን አንስቼ ያለኝን ቃል አነበብኩለት፤ «አልተነፈሰም።» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ደግሜ እንዳነብለት አልጠየቀኝም።

እህትህ ለሊሴ ዱጋሳ
ወሰን፣ የካ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.